በ300.00 ያዘዝነው ስቶፕ ለምን በ299.40 ተሸጠ?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ በሚገኝ የቡና ላኪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የኒው ዮርክን የአረቢካ ዋጋ በየቀኑ ብንከታተልም፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያገበያየው በእጅ ያለ ቡና በመሆኑ የፊውቸርስን (ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ በወደፊት ወር የሚረከቡት ውል) አሠራር ከዚያ መማር ስላልተቻለኝ በልምምድ አካውንት መሞከር ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት እኔ በልምምዱ፣ ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በእውነተኛ አካውንቱ ሦስት ሦስት ኮንትራት ይዘን፣ ዋጋው ወርዶ በፓውንድ 300.00 የአሜሪካ ሳንቲም ሲነካ እንዲሸጥልን ስቶፕ አስቀመጥን። የእኔ ልክ በ300.00 ተሸጠ፤ የእሱ ግን በአማካይ 299.40 ወጣ። ልዩነቱን ብሮከሩ ወስዶት ይሆን ወይስ ስሊፔጅ የሚሉት ይህን ነው?

እሸት ገዢ፦
ስሊፔጅ ነው፤ በጠበቁት ዋጋና በተፈጸመው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። የስቶፕ ሥራ መቀስቀስ ብቻ ነው፤ ዋጋው 300.00 ሲነካ ትዕዛዙ ወደ ማርኬት ትዕዛዝ ይለወጣል፣ ይህም «በተገኘው ዋጋ ሽጥልኝ» ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ተሰልፈው የነበሩት ገዢዎች ለምሳሌ አንዱ በ299.80፣ ሌላው በ299.40፣ ሦስተኛው በ299.00 አንዳንድ ኮንትራት ብቻ የሚፈልጉ ከነበሩ፣ አማካዩ 299.40 ይመጣል። አንድ ኮንትራት 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ቶን ገደማ ስለሆነ፣ ይህች 0.60 ሳንቲም በኮንትራት 225፣ በሦስቱ 675 ዶላር ትሆናለች። እሸት ቡና ስንገዛም የምናየው ነው፤ ሃምሳ ኪሎ የፈለገ በጠዋቱ ዋጋ ይገዛል፣ መኪና ሙሉ የፈለገ ግን ዋጋውን በራሱ ላይ ያስወድዳል። ብዙ የልምምድ ፕሮግራሞች ደግሞ ገዢ መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቁ፣ ዋጋው ስቶፑን እንደነካ ሁሉም ተሸጠ ብለው ይመዘግባሉ።

ሐይቅ ዳር፦
አመሰግናለሁ። ታዲያ ከ299.80 በታች እንዳይሸጥ ስቶፕ ሊሚት ቢያደርገው አይሻልም ነበር?

የአዳማው፦
እንደዚያ ቢሆን በእሸት ገዢ ምሳሌ አንዱ ተሸጦ ሁለቱ በእጁ ይቀሩ ነበር፤ ዋጋው ወርዶ ካልተመለሰ ደግሞ 675 ዶላሩን የሚያስመኝ ኪሳራ ሊመጣ ይችላል። እኔ ስገባ ሊሚት (ከወሰንኩት ዋጋ በላይ እንዳይገዛ ወይም በታች እንዳይሸጥ የሚል ትዕዛዝ)፣ ስወጣ ተራውን ስቶፕ እጠቀማለሁ። ገበያው ተዘግቶ ሲያድር የሚመጣ ወሬም አለ፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. እንደሆነው ብራዚልን ውርጭ መትቶ ዋጋው ቢንር፣ ዋጋ ይወርዳል ብሎ አስቀድሞ ሸጦ የተቀመጠ ሰው የመግዣ ስቶፑ በመክፈቻው ዋጋ፣ ካሰበው እጅግ ርቆ ሊፈጸምበት ይችላል። ለመሆኑ ወንድምዎ የያዘው የየትኛውን ወር ኮንትራት ነበር? የማስረከቢያ ማስታወቂያ ቀን (ሻጮች ቡናውን በአካል እናስረክባለን ብለው ማሳወቅ የሚጀምሩበት) ሲቃረብ ነጋዴው ወደሚቀጥለው ወር ስለሚዛወር፣ በቅርቡ ወር ላይ የሚሰለፈው ገዢ ይሳሳል።

ሐይቅ ዳር፦
አሁን ደውዬ ጠየቅሁት። የቅርቡን ወር ነበር የያዘው፤ ለማስታወቂያው ቀንም የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።