የካሊፎርኒያ ሶላር፦ ማን ለማን ነው የሚከፍለው?

የኦክላንዱ፦ ትናንት በአንድ የሐበሻ ሬዲዮ የቀረበ ሰው «መብራት የተወደደው በሀብታም ጣሪያ ሶላር ነው» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። እኔ ሀብታም ነኝ? ሌሊት ኡበር እየነዳሁ ነው ሶላር ያስገባሁት።

ሚሚ ኤልኤ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? እኔ ተከራይ ነኝ፣ ጣሪያ የለኝም። እናንተ የተረፋችሁን በችርቻሮ ዋጋ ትሸጣላችሁ፣ የምሰሶና የሽቦው ወጪ እኛ ላይ ይወድቃል። የስቴቱ የሸማቾች ጠበቃ ቢሮ በ2024 ብቻ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ከሶላር ባለቤቶች ወደ ሌላው ደንበኛ ዞሯል ብሎ ገምቷል።

ዳኜ፦ «ገምቷል»! ሰው ራሱ አምርቶ ራሱ የተጠቀመውን ጭምር እኮ ነው ኪሳራ ብለው የቆጠሩት። አምፖል ላጠፋህበትም ክፈል እንደማለት ነው። ደግሞ የእሳቱስ? በ2018 የፓራዳይዝን ከተማ ያነደደው የማን ሽቦ ነው? የመብራት ኩባንያው ፒጂ ኤንድ ኢ በ2020 ለ84 ሰው ሞት ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። አሁን እሳት እንዳይነሳ ሽቦ መሬት ውስጥ የሚቀበረው በማን ብር ይመስልሻል?

ሚሚ ኤልኤ፦ የእሳቱ እውነት ነው። የሀብታም ጣሪያን ግን ነፃ አያወጣም።

ጋሽ ታዬ፦ ልጆች፣ ስለ የትኛው ሕግ ነው የምትጣሉት? የመብራት ዋጋ የሚወስነው የስቴቱ ኮሚሽን ዲሴምበር 2022 ላይ 5 ለ 0 ወስኖ ጨርሷል። ከኤፕሪል 15፣ 2023 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ወደ መስመሩ ለሚልከው የሚያገኘው ክሬዲት በአማካይ 75 በመቶ ገደማ ወርዷል። የድሮዎቹ ግን የቀድሞው ውል ለ20 ዓመት ተጠብቆላቸዋል።

የኦክላንዱ፦ እኔ ከዚያ በኋላ ነው የገባሁት፣ ጋሼ! ቀን ማንም ቤት ሳይኖር ያመረትኩትን በሳንቲም ይወስዱታል። ማታ ባለቤቴ ምጣዱን ስትሰካ በሙሉ ዋጋ ይሸጡልኛል። የምጣድን ነገር መቼም ታውቃላችሁ።

ቤቲ፦ ባትሪ አስገባ እንጂ። ግን የፌደራሉ 30 በመቶ የታክስ ክሬዲትም በ2025 መጨረሻ አበቃ።

ሚሚ ኤልኤ፦ ባትሪ የሚገዛ ድሃ አሳዩኝ።

ዳኜ፦ ለአባይ ቦንድ ስትገዢስ ማን ለማን ይከፍላል ብለሽ ጠይቀሽ ነበር?

ሚሚ ኤልኤ፦ ግድቡን እዚህ ምን አመጣው? እሱ የሁላችን ነው። ያንተ ፓነል ያንተ ነው።

ቤቲ፦ የሁላችን ከሆነ ገጠር ያለችው አክስቴ ለምን እስካሁን በኩራዝ ታመሻለች?

ዳኜ፦ በይ፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነው።

ጋሽ ታዬ፦ ወደ ጉዳያችን። ሚሚዬ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አፓርታማዎች ሶማህ የሚባል ፕሮግራም አለ። ገንዘቡ ከካርቦን ጨረታ፣ ማለትም አየር የሚበክሉ ኩባንያዎች የልቀት ፈቃድ ከሚገዙበት ነው የሚመጣው። ከሚመረተው ቢያንስ 51 በመቶው ለተከራዮች ነው። ብቻ የሚያመለክተው ባለ ሕንፃው ነው።

ሚሚ ኤልኤ፦ ባለ ሕንፃው! የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያልጠገነ ሰውዬ ሶላር ሊያስገባልኝ!

የኦክላንዱ፦ እሺ፣ አሁንም የሀብታም ጣሪያ ነው?

ሚሚ ኤልኤ፦ ጣሪያ አለህ አይደል?

የኦክላንዱ፦ የባንክ ነው እንጂ የኔ መች ሆነ!

ዳኜ፦ ቆይ፣ የመብራት ቢል ላይ ያለውን በወር 24.15 ዶላር ቋሚ ክፍያስ? ጨለማ ውስጥ ብትቀመጥም ትከፍላለህ። ይሄ ነው ፍትሕ?

ሚሚ ኤልኤ፦ ዝቅተኛ ገቢ ላለው 6 ዶላር ነው። በዚያ ላይ የኪሎዋት-ሰዓቱ ዋጋ ይቀንሳል። እሷን ለምን ዘለልካት?

ዳኜ፦ ሲቀንስ አይቼ አላውቅማ!