እናቴ ጾመኛ ናት፣ ስኳርም አለባት፤ ለረጅሙ በረራ ምን ልቋጥርላት?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በነሐሴ መጀመሪያ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ጋ ትሄዳለች። ስኳር ስላለባት ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ግፊትም አለባት። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ጹሚ አትጹሚ ብዬ ልከራከራት አልፈልግም። ባለፈው ጉዞዋ ያቀረቡላት ጨው የበዛበት ዶሮ፣ ነጭ ዳቦና ኬክ ነበር። አልበላችውም፤ ኢንሱሊኑን ግን አስቀድማ ወግታ ስለነበር ስኳሯ ወርዶ ሲያልባትና ሲያንቀጠቅጣት አጠገቧ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው የደረሱላት። ዘንድሮ ይህ እንዲደገም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ትኬት ቢሮ የምሠራ፣ ቸርችል ጎዳና)
እህቴ፣ ልዩ ምግብ በነጻ ይታዘዛል፤ ግን ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ መመዝገብ አለበት። እኔ ደንበኞቼን ሁለት ቀን ሲቀረው ደውሉ ነው የምላቸው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚመዘገበው አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ምግብ፣ ማለትም ዲቢኤምኤል፣ ሥጋ ወይም ወተት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ለእናትሽ ቪጂኤምኤል ይሻላል፤ ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለበትም። «ቬጀቴሪያን» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው፤ ቪኤልኤምኤል ከተመዘገበ ወተትና እንቁላል ይኖረዋል። በረራው ከተቀየረ ትእዛዙ አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል እንደገና አረጋግጪ።

መልስ (ነርስ ነኝ)
እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከምግቡም በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ፈጣኑን ኢንሱሊን ምግቡ ፊታቸው ሳይቀመጥ እንዳይወጉ። የአውሮፕላን ምግብ ሊዘገይ ይችላል፤ አየሩ ከተናወጠ ጭራሽ ይቋረጣል። ኢንሱሊኑና መለኪያው በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ከታች ከተጫነ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ስኳራቸው ቢወርድ የሚያነሣ ከረሜላም ኪሳቸው ውስጥ አይጥፋ። በነሐሴ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን የሚወጉበትን ሰዓት ሐኪማቸው አስቀድሞ ያስተካክልላቸው።

የጨዉ ነገር ምክንያት አለው። ምግቡ መሬት ላይ ተበስሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ አየር ላይ እንደገና ይሞቃል። የአውሮፕላኑ አየር እርጥበት ደግሞ ከ20 በመቶ በታች ስለሚወርድ አፍንጫና ምላስ ይደርቃሉ፤ የሚቀምሱት ሁሉ አልጫ ይሆናል። ያንን ለማካካስ ጨው ይጨመራል። ከፍታው እንኳ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየርም ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ነው የሚደረገው። የሚጎዳቸው ድርቀቱ ነውና ውሃ ሳይጠማቸውም ይጠጡ።

መልስ (መርካቶ፣ እህል በረንዳ አካባቢ)
ልጄ፣ አየር መንገዱ የሚሰጠው ቢመጣ ጥሩ፣ ዋናው ስንቅ ግን ከቤት ይሂድ። ለመጀመሪያው ምግብ ዘይት ያነሰው የሽሮ ፍርፍር አድርጊላቸው። ወጡን እንጀራው ጠጥቶት ደረቅ ይበል፤ በደንብ ቀዝቅዞ ይታሸግና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይበሉት፤ አይደር። ለኋላው ጨው የሌለው ቆሎ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት። ሽምብራው ግን ትንሽ ይሁን፤ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ሆድ ይነፋል። ዳቦ ቆሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ስኳር ስላለው ቤት ጋግሪው።

መልስ (በየዓመቱ የምመላለስ)
ሁሉም ጥሩ ብለዋል፣ ግን ፍተሻውን አስቡ። ወጥ፣ ማርና የተበጠበጠ ተልባ ፈሳሽ ተብለው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፉም። የበሶ ዱቄትም ችግር አለው፦ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሲገኝ ተጨማሪ ፍተሻ ይገጥመዋል፤ ካልተጣራም ይቀራል። ብዙውን በሚጫነው ሻንጣ ላኪ። እህትሽ ቋንጣ አምጡልኝ ካለች እምቢ በሏት፤ ሥጋ አይገባም። ፍራፍሬ ከተረፋቸው ሳይወርዱ ይጨርሱት። የያዙትን ምግብ በሙሉ ያስመዝግቡ፤ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪጂኤምኤሉን ዛሬ አስመዘገብኩ። አንድ የቀረኝ፣ የእናቴ ጥርስ ቆሎ አይችልም። በምን ልተካው?

መልስ (መርካቶ፣ እህል በረንዳ አካባቢ)
በሶውን ቤት እሺውና ጭብጦ አድርጊው፤ በጥቂት ውሃና ዘይት፣ ያለ ስኳር። ዱቄትም ፈሳሽም አይደለም፣ ለጥርስም ይለሰልሳል። እንቁላል በሚያህል መጠን ለያይተሽ ጠቅልዪ።

መልስ (ነርስ ነኝ)
ጭብጦው ይሁን። ገብስም ስኳር ከፍ ያደርጋልና አንዱን ጭብጦ ቤት በልተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ። ቁጥሩን አይተሽ አየር ላይ ስንት መብላት እንዳለባቸው ከሐኪማቸው ጋር ትወስናላችሁ።