ጃኔት ራንኪን «በስሜት» ነው ወይ እምቢ ያለችው?

ቆሎ ተማሪ፦ ትናንት አንዷ እዚህ «የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ሴት የኮንግረስ አባል በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ እንዳትገባ የተቃወመችው እያለቀሰች፣ በስሜት ነው» ብላ ለጠፈች። ስንቱ ላይክ አደረገው! (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በምክር ቤቱ ጦርነቱን የተቃወሙት 50 ናቸው። 49ኙ ወንዶችስ በምንድነው የተቃወሙት?

ሻይ በቅርንፉድ፦ እኔው ነኝ «አንዷ»፣ ስሜን መጥራት ፈራህ? ራንኪን ድምፅ እንድትሰጥ ስሟ ሲጠራ መጀመሪያ ዝም አለች። ሁለተኛ ሲጠሯት «ከአገሬ ጎን መቆም እፈልጋለሁ፣ ግን ለጦርነት ድምፅ መስጠት አልችልም» አለች። ድምፅ ሲሰጥ ንግግር አይደረግም እኮ! ይሄ ስሜት ካልሆነ ምንድነው?

ጨው በረንዳ፦ በኋላ የኒውዮርክ ከንቲባ የሆነው ላጋርዲያ ቦታው ላይ ነበር። አልቅሳለች ወይ ሲሉት የራሴ እንባ ጋርዶኝ አላየሁም አለ። እሱ ለጦርነቱ ነው ድምፅ የሰጠው። የሱን እንባ ግን ማንም አልቆጠረበትም።

ቆሎ ተማሪ፦ ይሄን መልሺ እስቲ። ደግሞ አንቺ ሴት ሆነሽ...

ሻይ በቅርንፉድ፦ ሴት ስለሆንኩ ጥብቅና ልቁምላት? የምርጫ ዘመቻውንም ብሩንም የያዘላት ወንድሟ ዌሊንግተን ነው። በ1918 ለሴኔት ስትወዳደር ሪፐብሊካኖቹ በቅድመ ምርጫ ሲጥሏት በሌላ ፓርቲ ገባች። ለፓርቲዋም አልታመነች።

ቆሎ ተማሪ፦ ወንድሟ ለጦርነቱ ድምፅ ስጪ ብሎ ወትውቷት እምቢ ያለች ሴት ናት! ያለ እሱ ምንም አይደለችም ካልሽ፣ በ1914 ሞንታና ውስጥ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ ዘመቻውን ማን መራው?

ጨው በረንዳ፦ በ1940 በዚያው በሪፐብሊካን ተመልሳ ተመረጠች። በ1941፣ ጃፓን የአሜሪካን የባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን በደበደበች ማግስት፣ ጦርነት ይታወጅ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ 388 ለ 1። አንዷ እሷ ናት። ሰው ሲከባት ስልክ መደወያ ሳጥን ውስጥ ገብታ በሯን ዘጋች፣ ፖሊስ ነው አጅቦ ቢሮዋ ያደረሳት። ዌሊንግተን ደግሞ ሞንታና 100 በመቶ ተቃውሞሻል ብሎ ቴሌግራም ላከላት። የጥንቱን ቴሌግራም ማለቴ ነው።

ሻይ በቅርንፉድ፦ መርከብ ሰምጦ፣ ሰው አልቆ፣ «አይሆንም»? ይሄማ ከስሜትም አልፎ ግትርነት ነው።

ቆሎ ተማሪ፦ አሃ፣ ስሜቱ ቀረና ግትርነት ሆነ! ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

ሻይ በቅርንፉድ፦ «ከስሜትም አልፎ» ነው ያልኩት። አማርኛ ታነባለህ ወይስ ልተርጉምልህ?