ጥቆማ፦ የ1940ው (እ.ኤ.አ.) ፊልም «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» ጥሩ ቅጂ ከየት ይገኛል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ፊልም ከባለቤቴ ጋር ለማየት አስቤአለሁ። ዲስኩን ልግዛ ወይስ ከቤተ መጻሕፍት ልዋስ?

የድሮ ሲኒማ፦ የድሮ ፊልሞችን አጽድቶ የሚያሳትመው ክራይቴሪየን የተባለው ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ዲስክ) ግዢ። ጥርት ያለ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

እንጎቻ፦ እኅቴ፣ ሳትጠነቀቂ እንዳትገዢ! ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ያዘዝሁት ዲስክ ሽፋኑ ላይ ካትሪን ሄፕበርንና ኬሪ ግራንት ነበሩ፤ ሳጫውተው ግን ግሬስ ኬሊ ወጣች! ለካ ያው ታሪክ በ1956 በዘፈን እንደገና የተሠራበት «ሃይ ሶሳይቲ» ነው። ልመልስ ብል «ተከፍቷል» አሉኝ። ሳልከፍተው በምን ልወቅ፣ በሱባኤ?

ገበታ፦ እኔንም ጉድ ሠርተውኛል። የላኩልኝ ለሌላ አህጉር ማጫወቻዎች የተሠራ ዲስክ ስለነበር ማጫወቻዬ አልቀበልም አለ። የሻጩን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ቦሌ ልጅ፦ እኔ ከሰፈሬ ዲስክ ሻጭ ሌላ አላምንም። የተጫረውን እንኳ አጽድቶ ነው የሚሰጠው። ይህን ፊልም ይኑረው አይኑረው ግን አልጠየቅሁም።

የድሮ ሲኒማ፦ ግሩም ጥቆማ ነው። ጫማም ይጠግናል?

ዳማ ከሴ፦ ስለ ሀብታሞች ትዳርና ውስልትና ከሆነ የ1937ቱ «ዘ ኦውፉል ትሩዝ» ይበልጣል። ባልና ሚስት ተጠራጥረው ሊፋቱ ፍርድ ቤት ቆመው የሚሟገቱት በውሻ ነው። ዳኛው ውሻው ራሱ ይምረጥ ሲሉ ሚስት መጫወቻውን በስውር ታሳየዋለች፤ ውሻውም ወደ እርሷ ይሮጣል። በፊላደልፊያው ግን አባትየው ከዳንሰኛ ጋር ሲማግጥ ከርሞ ጥፋቱን በልጁ ላይ ያላክካል። እኔ እርሱን ይቅር አልልም።

የድሮ ሲኒማ፦ ጄምስ ስቱዋርት ኦስካር ያገኘበት ፊልም እኮ ነው! ሄፕበርንም በ1938 «ገበያ የምታበላሽ» ተብላ በጋዜጣ ከተፈረጀች በኋላ የተመለሰችው በዚህ ነው። የፊልሙ መብት በእጇ ስለነበር ያለ እርሷ ሊሠሩት አልቻሉም።

ወለተ ማርያም፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እኅቴ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ርዕሱን ከ«1940» ጋር ፈልጊ። በአቅራቢያሽ ባይኖር ከሌላ ቅርንጫፍ እንዲያስመጡልሽ ጠይቂ። የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ኪዩከር መሆኑን፣ ጀርባው ላይም «ጥቁርና ነጭ» መባሉን እዪ፤ የ1956ቱ ባለ ቀለም ነው። ማጫወቻሽ የሚቀበለው የየትኛውን አህጉር ዲስክ እንደሆነም አረጋግጪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውሻ ያለበት ፊልም ርዕሱ ማን ነበር?

ዳማ ከሴ፦ «ዘ ኦውፉል ትሩዝ»። እንጎቻ፣ ያን የግሬስ ኬሊ ዲስክ ካልፈለግሽው እኔ ከአንቺ እገዛዋለሁ። ሉዊ አርምስትሮንግ አለበት እኮ! የመላኪያውንም እኔ እችላለሁ።