አስቸኳይ፦ ማክሰኞ አናፖሊስ ልመሰክር ነበር፣ መመዝገቢያው እምቢ አለኝ

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ · ቅዳሜ ማታ
ሰላም ለዚህ ቤት። በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ፣ ጨንቆኝ ነው። የሰፈራችን ዴሌጌት (የሜሪላንድ ስቴት ምክር ቤት ተወካይ) በሚልኩልን ኢሜይል ላይ የተከራዮች ቢል (ያለምክንያት ከቤት ማስወጣትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ) ማክሰኞ በስቴቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ሂሪንግ (ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ) እንዳለው አየሁ። መናገር የሚፈልግ ይመዝገብ ይላል። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ከፈትኩ፣ ኢሜይሌን አረጋገጥኩ፣ እስከዚህ ደህና ነው። ቢሉን ስፈልገው ስሙ ይመጣል፣ መመዝገቢያው ግን የለም። ሦስቴ ወጥቼ ገባሁ። በስልክም በላፕቶፕም ያው ነው። እንዳልደውል ቅዳሜ ነው። የማክሰኞን ፈቃድ ከሥራ ለምኜ ነው ያገኘሁት፣ ልጆቹን የምትይዝልኝም ሰው አለች። ያለምክንያት ከቤት ልቀቂ ተብያለሁ፣ 60 ቀን ነው የሰጡኝ። የምታውቁ እባካችሁ።

ቴዲ_ኮምፒውተር
ካሹን (ብራውዘሩ ያከማቸውን ጊዜያዊ ፋይል) አጽጂና ብራውዘሩን ዘግተሽ ክፈቺው። ካልሆነ በክሮም ሞክሪ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ
አድርጌዋለሁ ወንድሜ፣ ያው ነው።

ጋሽ_ንጉሤ_ዊተን
ልጄ፣ መጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅምሻል። ብዙ ወገናችን ዴሌጌት፣ ሴናተር፣ የካውንቲ ምክር ቤት ሲባል ሁሉም አንድ ይመስለዋል። ሜሪላንድ በ47 ዲስትሪክት ተከፍላለች። እያንዳንዱ ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት ይመርጣል፤ ስለዚህ 47 ሴናተሮችና 141 ዴሌጌቶች አሉ። አንቺም የሚወክሉሽ አንድ ሰው ብቻ አይደሉም፣ አራት ናቸው። ስብሰባቸው በጥር ሁለተኛው ረቡዕ ይጀመርና በ90 ቀን ያልቃል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕግ ይቀርባል። አንድ ቢል በመጀመሪያ ወደ ኮሚቴ ይመራል፣ ሂሪንግ ይደረግለታል፣ ከዚያ ኮሚቴው ድምፅ ይሰጥበታል፣ ካለፈ ወደ ሙሉው ምክር ቤት ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ በሌላኛው ምክር ቤት ያንኑ መንገድ እንደገና ይጀምራል። ሁለቱም ካጸደቁት ገዢው ይፈርማል ወይም ይመልሰዋል። አብዛኛው ቢል የሚሞተው ኮሚቴ ውስጥ ነው፣ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀኑ ያልቅበታል። ስለዚህ ሕዝብ ቀርቦ የሚናገርባት ያቺ የኮሚቴ ቀን ቀላል አይደለችም። በርቺ።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ብዙ ተማርኩ። መመዝገቢያውስ ምን ላድርገው?

ዮኒ_ሮክቪል
ቅር አይበልሽና እህቴ፣ እኔ ከጥያቄሽ መነሻ ጋር አልስማማም። ይህ ቢል ነገ ቢጸድቅ እንኳ አንቺን አያድንሽም። አንደኛ፣ እዚህ ስቴት የሚጸድቅ ሕግ ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ኦክቶበር 1 ነው። ያንቺ 60 ቀን ከዚያ በፊት ያልቃል። ሁለተኛ፣ ባለፉት ዓመታት ሲቀርብ የነበረው ቢል አከራይ ያለበቂ ምክንያት ሌዝ (የኪራይ ውል) አላድስም እንዳይል ራሱ አይከለክልም፤ ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ሕግ እንዲያወጡ ይፈቅዳል እንጂ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የካውንቲው ምክር ቤት ማውጣት አለበት። በ2024 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ውስጥ ቀርቷል። ያንን የእረፍት ቀንሽን ለራስሽ ጉዳይ ብታውይው ይሻላል።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ
እሺ፣ ለኔ አይደርስልኝም እንበል። ከእኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ሌዟ በሚመጣው ዓመት ነው የሚያልቀው፣ ከእኔ በላይ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ የሚናገርላቸው የለም። ሁሉም ለኔ አይደርስም ብሎ ከቀረ ማን ይናገራል?

ብሩክ_ሹፌሩ
ማክሰኞ ጠዋት ወደ አናፖሊስ በሚወስደው ሩት 50 ላይ ከሆንሽ ምስክርነቱን መኪና ውስጥ ሦስቴ ለማጥናት ጊዜ ይበቃሻል 😄 የምር ግን እኔ ማክሰኞ አልሠራም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ላደርስሽ እችላለሁ። ሜትሮ አናፖሊስ ድረስ አይሄድም፣ እንዳትሸወጂ።

ታምራት_05
ካሹን አጽድተሽ ሞክረሻል?

እመቤት_ላንግሌይ ፓርክ
ሰኒዬ፣ እኔ አምና ለሌላ ቢል መስክሬያለሁ። ያንቺ ችግር የኮምፒውተር አይደለም። መመዝገቢያው ከሂሪንጉ ጥቂት የሥራ ቀን በፊት ይከፈትና ይዘጋል፣ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም። ለማክሰኞው ሳይዘጋ አይቀርም። የመመዝገቢያው ቁልፍ ገጹ ላይ የጠፋው ለዚህ ነው። ሂሪንጉ የሴኔት ነው የተወካዮች ምክር ቤት? ቁጥሩን እይው፣ በኤች ቢ (የተወካዮች) ይጀምራል ወይስ በኤስ ቢ (የሴኔት)? ሁለቱ ደንባቸው አንድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያው ቢል በሁለቱም በኩል ይገባል። የማክሰኞው ቢያመልጥሽ በሌላኛው ምክር ቤት ሌላ ሂሪንግ ሊኖረው ይችላል።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ዛሬ ማታውኑ ለዴሌጌትሽ ቢሮ ኢሜይል ጻፊ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የመንገድሽን ስምና ዚፕ ኮድሽን አስቀምጪ፣ የእነሱ ዲስትሪክት ነዋሪ መሆንሽን ማየት አለባቸው። ሰኞ ጠዋት ቢሮው እንደተከፈተ ደውዪ። ቢሉን ያቀረበው ሕግ አውጪ ከራሱ ጋር የሚያስቀምጣቸው ተናጋሪዎች አሉ፤ በዚያ በኩል ሊያስገቡሽ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ። እኔን ያስገቡኝ እንደዚያ ነው። ስልኩን ያነሳችው ወጣት ልጅ ናት፣ ዴሌጌቷን በአካል ያየኋቸው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው። ሠራተኛ ናት ብለሽ አትናቂያት፣ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት።

ካልሆነም ምስክርነትሽን ጽፈሽ ለኮሚቴው አባላት በየግላቸው በኢሜይል ላኪላቸው። ከአራቱ ወኪሎችሽ አንዱ ኮሚቴው ውስጥ ካለ ደግሞ እሱን አጥብቀሽ ያዢው፣ ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ
ኤች ቢ ነው። እመቤትዬ ዕድሜ ይስጥሽ! አሁኑኑ እጽፋለሁ። ስንት ደቂቃ ነው የሚሰጡት?

እመቤት_ላንግሌይ ፓርክ
እኔን ሁለት ደቂቃ ነው የሰጡኝ።

ብሩክ_ሹፌሩ
ሁለት ደቂቃ? እናቴ ሰላምታዋን እንኳ አትጨርስም 😄

ማርታ_ተከራይ
የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ያወጡልን እነዚሁ ዴሌጌቶች ስለሆኑ እነሱን ማመስገንም አትርሺ።

ዮኒ_ሮክቪል
እሱስ የካውንቲያችን የሞንትጎመሪ ምክር ቤት ነው። በ2023 አጽድቆ በ2024 ሥራ ላይ አዋለው፣ በዓመት ቢበዛ 6% ነው፣ ከአዳዲስ ሕንጻዎችና ከሌሎች አንዳንድ ቤቶች በስተቀር። ዴሌጌቶቹን አታመስግኑ አላልኩም፤ እነሱ ደግሞ የሠሩት ሌላ አለ። በ2021 ያወጡት ሕግ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ተከራዮች የማስወጣት ክስ ሲቀርብባቸው ነጻ ጠበቃ እንዲያገኙ ያደርጋል። 211 (የእርዳታ መረጃ መስመር) ደውለው ይጠይቁ። ሰኒን ዛሬ የሚጠቅማት ያ ነው። ለመሆኑ ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት ከአከራዩ ጋር የተነጋገራችሁት ነገር ነበር?

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ
ምንም። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ታኅሣሥ ላይ ማሞቂያው ሲጠፋ 311 (የካውንቲው የአገልግሎት ስልክ) ደውዬ የካውንቲው ተቆጣጣሪ መጥቶ ነበር፣ ከዚያ ሠሩልን። ጥር መጨረሻ ላይ ደብዳቤው በበር ስር ገባ።

ዮኒ_ሮክቪል
እህቴ! ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ ማስቀመጥ ነበረብሽ። ነገሩ ሁሉ ይህ ነው።

በስቴቱ ሕግ ተከራይ ለመንግሥት አቤት ስላለ አከራዩ በበቀል ሊያስወጣው አይችልም። አከራዩ እርምጃውን የወሰደው አቤቱታ ካቀረብሽ በ6 ወር ውስጥ ከሆነ ይህን መከራከሪያ ማንሳት ትችያለሽ፣ ኪራይሽን እየከፈልሽ ከሆነ። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። 311 ስትደውዪ የሰጡሽን ቁጥር ፈልጊ። ተቆጣጣሪው የጻፈውን ወረቀት አስወጪ። ደብዳቤውን ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሺ፣ ፖስታውንም አትጣዪ። ኪራዩን በቼክ ወይም በኦንላይን ክፈዪ፣ በጥሬ ገንዘብ አትክፈዪ። ሰኞ እንደገና 311 ደውዪና የካውንቲውን የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ጠይቂ። ምንም ነገር አትፈርሚ።

60 ቀኑ ሲያልቅም በራስሽ ጊዜ ዕቃሽን ጠቅልለሽ የምትወጪ አይምሰልሽ። አከራዩ ፍርድ ቤት መክሰስ አለበት፣ ዳኛ መወሰን አለበት፣ የሚያስወጣውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚመጣ ሸሪፍ ብቻ ነው። አከራዩ በራሱ ቁልፍ መቀየርም ሆነ መብራት መቁረጥ በሕግ ተከልክሏል፣ ከሆነ ፖሊስ ጥሪ።

ቅድም አትሂጂ ያልኩሽንም አንሥቻለሁ። ይህን ታሪክ ይዘሽ ብትሄጂ ኮሚቴው ይሰማሻል።

ጋሽ_ንጉሤ_ዊተን
ዮናታን ልክ ብሏል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ዴሌጌት ሕግ ማውጣት ብቻ አይደለም ሥራው። ዲስትሪክቱ ውስጥ ያለ ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ሲቸገር ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያስደውላል። የካውንቲውን ነገር ግን ለካውንቲው ምክር ቤት አባልሽም ንገሪ፣ 311 የሚመልሰው ካውንቲው ነውና።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ · እሁድ
ለቢሮው ኢሜይል ልኬያለሁ። ለምስክርነቱ ይህን ጻፍኩ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ አመጣዋለሁ። እዩልኝ፦

«ለክቡራን የኮሚቴው አባላት። በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ከኢትዮጵያ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። ይህች አገር ተቀብላኝ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ቤት ማለት ለሰው ልጅ...»

እመቤት_ላንግሌይ ፓርክ
ሰኒዬ፣ ግማሹ ጊዜሽ ሄደ። ምስጋናውን መጨረሻ ላይ አድርጊው። እንዲህ ጀምሪ፦ ስምሽ፣ የምትኖሪበት ከተማ፣ የቢሉ ቁጥር፣ «እደግፋለሁ»። በቃ። ቀጥለሽ ማሞቂያው የጠፋባቸውን ቀናት ንገሪያቸው። ልጆቹን እንዴት እንዳስተኛሻቸው።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ
ማሞቂያው ዘጠኝ ቀን ጠፍቷል። ሦስታችንም ሳሎን ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ ተኛን፣ ትንሹን ጃኬቱን አልብሼ። ውሃ በድስት እያፈላሁ ክፍሉን ለማሞቅ ስሞክር መስኮቱ ላይ ላቡ ወርዶ በረዶ ሆነ፣ ልጄ በጥፍሩ ስሙን ጻፈበት። ይህንንም ልበል?

እመቤት_ላንግሌይ ፓርክ
እሱን ነው የምትይው እንጂ! ከዚያ በር ስር የገባውን ደብዳቤ ንገሪያቸው። ምንም ምክንያት አልተጻፈበትም በይ። ጨርሰሽ ቁጭ በይ። ጮክ ብለሽ በሰዓት ለክተሽ አንብቢው፣ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ቁረጪ።

ታምራት_05
የምትልኪውን ጽሑፍ ፒዲኤፍ አድርጊው። የስልክ ፎቶ ወይም ዎርድ እንዳትልኪ፣ እኔ ያኔ ፎቶ ልኬ አልከፈት ብሏቸው ነበር።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ · ሰኞ
ደውለውልኛል!! ልጅቷ ናት የደወለችው። ቢሉን ያቀረቡት ዴሌጌት ከሚያስቀምጧቸው ሰዎች መጨረሻ ላይ አስገብተውኛል። የካውንቲው ቢሮ ደግሞ የ311ን ቁጥር ወስዶ ፋይል ከፍቶልኛል። ብሩክ ወንድሜ፣ በስንት ሰዓት እንነሣ?

ብሩክ_ሹፌሩ
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ። መታወቂያ ያዢ፣ ሲገቡ ይፈትሻሉ። ቀኑ ረጅም ሊሆን ስለሚችል ምሳ ቋጥሪ፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም።

ሰኒ_ሲልቨር ስፕሪንግ · ማክሰኞ
ክፍሉ ውስጥ ነኝ። ከፊታችን አራት ቢል አለ። የአከራዮቹ ማኅበር ሰዎች ከጎናችን ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ሱፍ ለብሰዋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

እመቤት_ላንግሌይ ፓርክ
ወረቀቱን ያዢ፣ ከስልክ አታንብቢ። ስትቀመጪ ማይኩን ወደራስሽ ሳቢው፣ የማይኩ መብራት መብራቱን እይ። የስልክሽንም ድምፅ አጥፊ፣ እኛ እንዳንረብሽሽ።