ሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ ያልለቀቀ የሆድ ሕመም፦ ቀጥሎ ምን ይመርመር? (ሐዋሳ)

የሐይቅ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። የሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ምክንያት በክፍት ኦፕሬሽን ከወጣ ስምንት ወር ሆኖታል። ስፌቱ በቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር ነው፤ ቁስሉ በደንብ ድኗል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም።

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ከእምብርት በላይ ወደ ቀኝ ብሎ የሚጨምቅ ሕመም ይነሳባታል። አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 6 እና 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ከዚህ ሌላ የጠባሳው ጫፍ ላይ አንድ ቦታ ቀኑን ሙሉ ያቃጥላታል። ቅቤ የበዛበት ነገር፣ በተለይ ቡርሳሜ ከበላች ደግሞ ወዲያው ሽንት ቤት ነው።

አልትራሳውንዱ «የሐሞት ቱቦ 9 ሚ.ሜ. ሰፍቷል፣ ጠጠር አልታየም» ይላል። የጉበት ምርመራዋ ኖርማል ነው፤ ደም የሰጠችው ግን ምንም ባላመማት ቀን ነው። ኦሜፕራዞል ሲያማት ብቻ ትወስዳለች፣ ሲብስባት ዲክሎፌናክ ትወጋለች ወይም ትራማዶል ትውጣለች። አንዱ ሐኪም «ጨጓራ ነው» አላት፣ ሌላው «አዲስ አበባ ሄዳችሁ ኢአርሲፒ አሠሩ» አለ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሐሞት ቱቦ ላይ የሚሠራ ሕክምና ነው)። 9 ሚ.ሜ. ያሰጋል? መንገድ ከመጀመራችን በፊት እዚሁ ሐዋሳ ምን ብናሠራ ይሻላል?

ታቦር_ሥር

ከጻፍከው እንደማየው እናትህ ላይ ያለው ሦስት የተለያየ ሕመም ነው። ሌሊት የሚነሳው አንድ፣ ጠባሳው ላይ የሚያቃጥለው ሌላ፣ ተቅማጡ ሦስተኛ። አንድ መድኃኒት ለሦስቱም ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ።

መጀመሪያ ስለ 9 ሚ.ሜ.። ከረጢቱ ላለው ሰው የሐሞት ቱቦ ስፋት እስከ 6 ሚ.ሜ. ገደማ ነው የሚባለው። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ቱቦው ትንሽ ይሰፋል፤ ዕድሜም ያሰፋዋል፤ እስከ 10 ሚ.ሜ. ድረስ ደሙ ኖርማል ከሆነ ብቻውን በሽታ አይባልም። እናንተ ግን ደሙ ኖርማል መሆኑን ገና አታውቁም፤ ባላመማቸው ቀን ተቀድቶ ምን ይናገራል? ከኦፕሬሽኑ በፊት የተነሳውን አልትራሳውንድ ፈልጉትና የቱቦውን ቁጥር አወዳድሩ። ያኔም 8 ከነበረ ብዙ አልተለወጠም፤ 5 ከነበረ መከታተል አለበት።

የሌሊቱ ሕመም የሐሞት ቱቦ ሕመም መልክ አለው። የሐሞት ሕመም እየጨመረ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ሽንት ቤት ቢሄዱ፣ ቢገላበጡ፣ የጨጓራ ሽሮፕ ቢጠጡ አይለቅም። የጨጓራ ሕመም በአብዛኛው ያቃጥላል፣ ከምግብና ከረሃብ ጋር ይሄዳል፣ ማስታገሻ ሽሮፑም ቶሎ ያበርደዋል። እኛ አገር ከደረት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ስለሚባል ይህን ልዩነት የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይህን አድርጉ፦ ሕመሙ ሲነሳ ሰዓቱን ጻፉ፤ ከተነሳ ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሮ 24 ሰዓት ሳይሞላ ደም ይቀዳ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከጀመራቸው ጠዋት 2 ሰዓት ላብራቶሪ መድረስ ይበቃል። የሚጠየቀው ለጉበትና ለሐሞት ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ቢሊሩቢን (ጠቅላላውና ዳይሬክቱ)፣ ለቆሽት ደግሞ ሊፔዝ ነው፤ ሊፔዝ ከሌለ አሚሌዝ። የመጠየቂያውን ወረቀት ሐኪሙ አስቀድሞ ጽፎ ቤት ይቀመጥላችሁ። ሕመሙ በነጋታው ሲለቅ ካርድ ለማውጣት ተሰልፋችሁ ሰዓቱ እንዳያልፍ። በወረቀቱ ላይ «ሕመሙ ከጀመረ በዚህ ያህል ሰዓት የተቀዳ» ተብሎ ይጻፍ። ቱቦው ለጥቂት ሰዓት ተዘግቶ ከተለቀቀ ቁጥሮቹ ይወጡና በቀናት ውስጥ ይመለሳሉ፤ ሳምንት ቆይታችሁ ብትሄዱ ሁሉም ኖርማል ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የኦፕሬሽን ኖት ነው፤ ሐኪሙ በኦፕሬሽኑ ያየውንና የሠራውን የጻፈበት ማለት ነው። የመውጫ ወረቀቱ አይበቃም፤ ኖቱን ከካርድ ክፍል ኮፒ አስወጡ። ከረጢቱ በጣም ቆስሎ ተጣብቆ ከነበረ ሐኪሙ ቱቦውን ላለመጉዳት ከፊሉን ትቶ ሊወጣ ይችላል፤ ትክክለኛ ውሳኔም ነው። በቀረው ቁራጭ ውስጥ ግን ጠጠር ሊኖር ወይም ቆይቶ ሊፈጠር ይችላል። ቀጥሎ ምስል የሚያነሳው ሐኪም ምን መፈለግ እንዳለበት ከኖቱ ያውቃል።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ወይም ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና መንዘፍዘፍ ከመጣ ይህን ሁሉ ተዉትና በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። የተዘጋ ቱቦ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን እስኪነጋ አይጠበቅም።

ፋርማሲ_ቤት

መድኃኒቱ ላይ ልጨምር። ትራማዶልን አቁሙት ባይባልም ለዚህ ሕመም ጥሩ ምርጫ አይደለም። የሐሞት ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት የሚገባበት ቦታ ላይ የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ኮዴይን፣ ሞርፊንና የመሳሰሉት ያንን ጡንቻ ያጠብቃሉ፤ ትራማዶልም ከዚያው ወገን ነው። ከረጢቱ እያለ ግፊቱን ይቀበል ነበር፤ አሁን ግፊቱ በቱቦው ላይ ነው የሚያርፈው። አንዳንድ ሰው ክኒኑን ውጦ ሕመሙ የሚብስበት ለዚህ ነው።

ዲክሎፌናክ የቱቦውን ሕመም ያስታግሳል፤ ጨጓራቸው ቁስል ካለው ግን ያደማል። ሰገራቸው ጥቁር እንደ ሬንጅ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ጠይቋቸው። እስኪጣራ ድረስ ፓራሲታሞል 1 ግራም በ8 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ፣ ይበቃል፤ የሚቆርጥ ከሆነ ሐኪም ሃዮሲን ሊጨምርላቸው ይችላል።

ኦሜፕራዞል ሲያም ብቻ የሚወሰድ ማስታገሻ አይደለም። 20 ሚ.ግ. ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት በየቀኑ ለ4 ሳምንት ተወስዶ ለውጥ ከሌለ ያኔ «ጨጓራ አይደለም» ለማለት ይቀርባል። ግን ከመጀመራቸው በፊት ኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) በሰገራ ይመርመር። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የድሮ ኢንፌክሽንንም ፖዘቲቭ ያደርጋል፤ አሁን መኖሩን አይናገርም። የሰገራው አንቲጅን ምርመራ እንዲታመን ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ተቋርጦ መሆን አለበት። ሰገራው አንዴ ከተሰጠ ጃርዲያና አሜባም በዚያው ይታይ፤ ተቅማጡን ሁሉ በሐሞት አናሳብብ።

ወስፋትም አይረሳ። በእኛ አካባቢ ወስፋት ከአንጀት ወጥቶ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ሕመሙም ከጠጠር አይለይም። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሰው ይህን እንዲያይ ንገሩት።

ጤና_አዳም

ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? የወይራ ዘይት በሎሚ በባዶ ሆድ ትጠጣ። የቀረው ጠጠር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ በዓይን የሚታይ ነው።

ፋርማሲ_ቤት

@ጤና_አዳም የሚወጣው አረንጓዴ ነገር ጠጠር አይደለም። ዘይቱ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ የሚሠራው ሳሙና ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ከረጢት የሌላቸው ሴት ያን ያህል ዘይት በባዶ ሆድ ከጠጡ የሚያገኙት ተቅማጥ ነው። ቱቦ ውስጥ ጠጠር ካለ ደግሞ ቁርጠቱን ይቀሰቅሳል።

ላብ_ኮት

ጠባሳው ላይ ያለውን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። በጀርባቸው ይተኙ፣ የሚያቃጥለውን ቦታ በአንድ ጣት አግኝተህ ተጫን፤ ጣትህን ሳታነሳ እጃቸውን ሳይደገፉ ራሳቸውንና ትከሻቸውን ከፍ ያድርጉ። ሆዳቸው ሲጠነክር ሕመሙ ከባሰ የሚያመው የሆድ ግድግዳው ነው፤ ከቀነሰ ከውስጥ ነው። ከዚያ ቆመው መዳፍህን ጠባሳው ላይ አድርገህ ያስሏቸው። የሚገፋ እብጠት ከመጣ ስፌቱ ሥር ተከፍቷል፤ ያን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይየው።

የሐይቅ_ዳር

@ላብ_ኮት ሞከርነው። ራሷን ስታነሳ «እሱ ነው፣ እሱ ነው» አለች፤ ቦታው ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም። ስታስል እብጠት የለም። ምግቡንስ? ቅቤ ለዘላለም ተው የሚሏት አሉ።

ላብ_ኮት

እንግዲያው የተቆረጠ ወይም በጠባሳ የተያዘ ነርቭ ይመስላል፤ በጎድን አጥንት ሥር በሚቆረጥ ክፍት ኦፕሬሽን የተለመደ ነው። ሐኪም በዚያችው ነጥብ ላይ ሊዶካይን (ማደንዘዣ) ይወጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሕመሙ ከጠፋ ምርመራውም ሕክምናውም እሱ ነው። ከተመለሰ ሊደገም ይችላል። አንዳንዱ ሐኪም ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን 10 ሚ.ግ. ማታ ማታ ይጀምራል፤ ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ይህ የመጨረሻው ለእናትህ ጥቅም ሊሆን ይችላል። የልብ ወይም የግላኮማ ችግር ካላቸው አስቀድመው ይናገሩ። መቀነታቸውን የት ነው የሚያስሩት? ጠባሳው ላይ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት። 20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ ሌላ ሰው ያንሳ።

ሙሉ_ቡላ

ምግቡን እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ነው። ቅቤ ለዘላለም ክልክል አይደለም። ጉበት ሐሞት ማምረቱን አላቆመም፤ ከረጢቱ ስለሌለ ለአንድ ትልቅ የቅባት ምግብ የሚለቀቅ ክምችት ብቻ ነው የጠፋው። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ ማዕድ ስንት ነው የሚለው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ከ12 እስከ 14 ግራም ቅባት ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ማንኪያ እንዳያልፍ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት እዩ። ቡርሳሜ ቆጮው ቅቤውን ስለሚጠጣው ስንት እንደገባበት አይታይም። ቅቤው ሳይገባ ለእሳቸው ድርሻ ይነሳና በማንኪያ ተለክቶ ይጨመርለት። እንግዳ ሲመጣ የሚጨመረው «ትንሽ» ነው ሁልጊዜ የሚያስቸግረው።

የጾም ምግብ ቀላል ነው ብላችሁ አትታለሉ። ዘይት የዋኘበት ሽሮና ሳምቡሳ ከቅቤ አያንስም። በጣም የሚከብደው የፋሲካ ጠዋት ነው፤ ከረጅም ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ በቅቤ፣ በላዩ ክትፎ። አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከወረዳችሁ ጥብሱ ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ነው፤ የዓሣ ሾርባውን ወይም ቀለል ያለ ጉላሽ ውሰዱላቸው፣ ጥሬው ይቅር።

ተቅማጡን የሚይዘው የሚሟሟ አሰር ነው። ጠዋት የአጃ አጥሚት፣ ወይም በውኃ ያደረ አብሽ አንድ የሻይ ማንኪያ። ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አብሹ ላይ ይጠንቀቁ። ቡላ ገንፎ ቅቤው በማንኪያ ከተለካ ይስማማል። ቡና በባዶ ሆድ አንጀቱን ያስሮጣል፤ ከቁርስ በኋላ ይሁን።

ፋርማሲ_ቤት

ይህ ሁሉ ተደርጎ ተቅማጡ ካልቆመና ሰገራው ንጹሕ ከሆነ ኮሌስቲራሚን አለ፤ ወደ ትልቁ አንጀት የሚያልፈውን ሐሞት ይይዛል። በ4 ግራም ፓኬት ነው፤ በቀን አንድ ይጀመራል፣ በውኃ ወይም በጭማቂ ተበጥብጦ እንጂ ደረቁን አይቃምም። ሌላ መድኃኒት ከእሱ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይወሰድ፤ አለዚያ አብሮ ይዞት ይወጣል። በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ በየፋርማሲው አይጠበቅም፣ ቀድማችሁ ደውሉ።

የሐይቅ_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢአርሲፒውስ? ትሂድ ወይስ ትቆይ?

ታቦር_ሥር

ኢአርሲፒ ለማየት ብቻ አይሠራም። በአፍ የገባው ካሜራ ቱቦው አፍ ላይ ደርሶ ቀለም ይረጫል፣ ጡንቻውን ይቆርጣል፣ ጠጠር ያወጣል፤ ነገር ግን ከመቶ ሰው በጥቂቱ ላይ የቆሽት መቆጣት ያስከትላል፣ አንዳንዴም ከባድ ይሆናል። በአሜሪካ 214 ሰዎችን ያሳተፈና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከረጢታቸው ወጥቶ የሚያማቸው፣ ግን ደማቸውም ቱቦአቸውም ደህና የሆነ ሰዎች ነበሩ፤ ለከፊሎቹ ጡንቻው ተቆረጠ፣ ለቀሩት የተቆረጠ መስሎ ታለፈ። ከዓመት በኋላ የተቆረጠላቸው አልተሻሉም።

ስለዚህ በሕመሙ ጊዜ የተቀዳው ደም ከፍ ካለ፣ ወይም ቱቦው ከድሮው በግልጽ ከሰፋ፣ ቀጣዩ ኤምአርሲፒ ነው፤ በኤምአርአይ ማሽን የሚነሳ የቱቦ ምስል ነው፣ ካሜራ አይገባም። አልትራሳውንድ የቱቦውን የታችኛውን ጫፍ የአንጀት አየር ስለሚጋርድበት እዚያ የተቀመጠ ጠጠር ያመልጠዋል። ኤምአርሲፒው ጠጠር ወይም ጥበት ካሳየ ኢአርሲፒ ያኔ ይገባዋል። ደሙ በሁለት ሦስት የሕመም ጊዜ ኖርማል ከሆነ ደግሞ ወደ ጨጓራ፣ አንጀትና ወደዚያ ነርቭ ተመለሱ። አንድ ጊዜ ልባቸውም በኢሲጂ ይታይ፤ በዚህ ዕድሜ ልብ ከእምብርት በላይ ሊያም ይችላል።

ለኤምአርሲፒ ከ4 ሰዓት በላይ ምንም ሳይበሉ ይሂዱ፤ ሙሉ ጨጓራ ምስሉን ይጋርዳል። በኦፕሬሽኑ ጊዜ ክሊፕ (ትንሽ የብረት መቆንጠጫ) ተደርጎ እንደሆነ ከኖቱ ተነብቦ ለቴክኒሻኑ ይነገር፤ በአብዛኛው ቲታኒየም ስለሆነ አይከለክልም። የአንገትና የጆሮ ጌጥ ቤት ይቅር። የድሮውን አልትራሳውንድና የደሙን ውጤቶች በቀን ቅደም ተከተል አንድ ፎልደር ውስጥ ያዙላቸው።