ጎጃምን በብስክሌት መዞር፦ የጡረተኞች የጥር ጉዞ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ደሴትን በብስክሌት የመዞር ነገር ተነሥቶ ነበር። ደቡብ ኮሪያ ያለችውን የጄጁ ደሴት የሚዞረው የብስክሌት መንገድ 234 ኪሎ ሜትር ነው። ደስ ይላል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን ግን በጡረታ ገንዘብ አስቡት። ጎጃምንስ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅም በደቡብም ዞሮት የለ? የራሳችንን ደሴት እንዙር ባይ ነኝ። ከባሕር ዳር በአዴት፣ ሞጣ፣ ቢቸናና ደጀን ሄደን በደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላ እንመለስ። ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጥምቀት ማግስት ብንነሣስ?

ሻምበል፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ለምን በሞጣ ግን? በዳንግላ እንጀምር፤ ሁላችንም የለመድነው መንገድ ነው።

መምህር፦ ሻምበል፣ ከፍታውን ይዩልኝ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ ከ2,500 ታልፋለች። በሞጣ ከዞርን የመጨረሻዎቹ ቀናት በአብዛኛው ቁልቁለት ናቸው። ደግሞ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ነው። ለእሱ እንድረስ።

መካኒክ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ እንጅባራ ያለውንስ ዳገት ረሱት እንዴ መምህር? ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው! ቡሬ ላይ አድረን ለሁለት እንክፈለው። ድንኳንም ይቅር። ከከተማ ከተማ እየሄድን አልጋ እንይዛለን። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ወፍራም ጃኬት፣ በሶ፣ መለዋወጫ ከመነዳሪና ፓምፕ ይበቃል። ጊር የሌለው ብስክሌት ይዞ የሚመጣ ካለ አሁኑኑ ይንገረኝ፤ አልጨቃጨቅም፣ አልወስደውም። የኮርቻውን ከፍታ እኔ ራሴ ለእያንዳንዳችሁ አስተካክላለሁ። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ይጨርሳል።

ሲስተር፦ ከፈረሱ በፊት ስለ ደም ግፊት እናውራ። ከመካከላችን ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ፀሐይ ላይ ውለው ውኃ ካነሳቸው ያዞራቸዋል፤ ቁልቁለት ላይ ማዞር ደግሞ ቀልድ አይደለም። በገዛ እጃቸው መድኃኒቱን አያቁሙ፤ ከመነሣታችን በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ኢንሱሊንም ፀሐይ ላይ የተንጠለጠለ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ አጭሩን መንገድ እነዚያ ቀናት ላይ እናድርገው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በቀን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አልፈቅድም። በዚህ ስሌት ከጥምቀት በኋላ ተነሥተን ጥር 23 እንጅባራ እንግባ ካልን አንድም የዕረፍት ቀን አይተርፈንም። በዚህ ዕድሜ ያለ ዕረፍት? አይሆንም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነሽ ሲስተር። እንግዲያው ጥር 1 እንነሣ። ከተራንና ጥምቀትን ደብረ ማርቆስ ላይ እናክብር፤ እግራችንም በዚያው ያርፋል።

ሻምበል፦ እኔ ጥምቀትን ከደብሬ ውጭ አክብሬ አላውቅም። ታቦቴን ጥዬ የትም አልሄድም።

መምህር፦ እንደ ሻምበል ያለ ሰው በዓሉን እዚሁ አክብሮ፣ ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ጥር 13 ማርቆስ ይቀላቀለና።

ሻምበል፦ እሱ ያስማማናል። የመንገዱን ሰላም ግን ማንም አላነሣም። በየከተማው ያሉ ወዳጆቻችንን ሳንጠይቅ አንድ ፔዳል አንመታም። «ቆዩ» ካሉን እንቆያለን፤ ጥር 23ም ቢያልፍ ይለፍ። ከደጀን ወዲህ ደግሞ ሲኖትራክ ይበዛል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ እንንዳ፣ በአንድ መስመር፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰን።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም ረቂቁ ላይ አስገብቻለሁ። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ከአዴት ሞጣ ለአንድ ቀን ይረዝማል፤ መሀል ላይ ማደሪያ የሚያውቅ ይጻፍልኝ። ዕቃ የምትይዘውን መኪና የሚነዳ ሰውም እፈልጋለሁ። የመካኒኩን ልጅ ጠይቄ ነበር፤ «በእናንተ ፍጥነት መኪናው ይሞቅብኛል» አለኝ።

መካኒክ፦ ይነዳል። እኔ እነግረዋለሁ።